የፔንሲዮን ሙቅ ውሃ መብራት እየበላ ላስቸገራችሁ፦ በስማርት ቆጣሪና በኤአይ ወጪውን እንዴት እንደምትቀንሱ

ከማርቆስም ከእንጅባራም ከዳንግላም ፔንሲዮን ያላችሁ ሰዎች የምትጠይቁኝ አንድ አይነት ጥያቄ ነው፤ «ካርድ ሞልቼ ሳምንት ሳይደፍን ያልቃል፣ እንግዳው ደሞ ጠዋት ጠዋት ውሃው በረደ ብሎ ያማርራል፣ ያ ኤአይ የሚሉት ነገር ለዚ ይሆናል ወይ?» ይሆናል። ግን ኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ያለው፣ በጽሑፍ የምትጠይቁት ፕሮግራም) ስለናንተ ቤት የሚያውቀው ቆጣሪው የነገረውን ብቻ ነው፣ ስለዚ አብዛኛው ስራ መለካቱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚው ልጻፈው።

መመሪያው በዋናነት በአንድ ትልቅ ታንከር ውሃ አሙቆ ለብዙ ክፍል ለሚያዳርስ ቤት ነው፣ በየክፍሉ ቦይለር ያላችሁ ደሞ መጨረሻ ላይ የናንተ አለ። አሰራሩ እነ ዴንማርክ በአንድ ጣቢያ ውሃ አሙቀው ለከተማው ሁሉ በቧንቧ የሚያዞሩት ዲስትሪክት ሂቲንግ የሚባለው ትንሹ ነው በሉት፣ እዛ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው እንደዛ ነው። እነሱም የሚለኩት እኛ የምንለካውን ነው፦ ስንት ውሃ ሄደ፣ ስንት ዲግሪ ሆኖ ወጣ፣ ስንት ዲግሪ ሆኖ ተመለሰ። እነዚን ከመብራቱ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ ሙቀቱ የት እንደሚጠፋ ይታያል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክላምፕ (ሽቦውን ከውጪ አቅፎ የሚለካ ቀለበት) ያለው ዋይፋይ ኤነርጂ ሜትር፣ ርዕሱ ላይ ስማርት ቆጣሪ ያልኩት ይሄን ነው። ቤታችሁ ስሪ ፌዝ ከሆነ ሦስት ክላምፕ ያለውን ግዙ። ኔት ሲጠፋ በራሱ ሜሞሪ የሚመዘግብ መሆኑን ጠይቁ፣ በኛ ሁኔታ ይሄ የግድ ነው
- ተራ የውሃ ቆጣሪ፣ ታንከሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ የሚገጠም
- ሦስት የሙቀት ሴንሰር (ለሚወጣው፣ ለሚመለሰውና ለሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ)
- ኮንታክተር (ትልቅ ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) እና የራሱ ሰዓት ያለው ታይመር
- የቧንቧ ማልበሻ ፎም፣ ቧንቧው በውጪ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ፎሙን ከፀሐይ የሚከልል መሸፈኛ ጭምር
- ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ወይም ፓወር ባንክ
- ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት፣ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ (ለመጀመር ነፃው ይበቃል)
- የእንግዳ መዝገባችሁ

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚን አንብቡ

የመብራት ኃይሉን ካርድ ቆጣሪ አትንኩት፣ ፕሎምፑንም አትንኩት። የናንተ ሜትር የሚገባው ከሱ በኋላ፣ ለታንከሩ በሚሄደው ብሬከር ላይ ነው። ፓነል የሚከፍተው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ዋናው ብሬከር ወርዶ በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ። የታንከሩ ኧርዝ መኖሩን በዛው አስፈትሹ፣ ውሃና መብራት አንድ ላይ ባለበት ቦታ ኧርዝ ከሌለ ቁጠባውን ተዉትና መጀመሪያ እሱን አሰሩ።

ገበያ ላይ ያለችውን 16 አምፔር ስማርት ሶኬት ለታንከር አትጠቀሙ። 6 ኪሎዋት በአንድ ፌዝ 27 አምፔር ይጎትታል፣ ሶኬቷ ትቀልጣለች፣ እሳትም ትጭራለች። ስማርቱ ዕቃ ኮንታክተሩን ብቻ ያብራና ያጥፋ፣ ትልቁን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከም።

ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ የሚቆርጠው) እና ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣው) በምንም ምክንያት አይነሱም። ማርቆስ ከፍታው ወደ 2,450 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚ «ቆላ ያለው ዘመዴ 90 ላይ ነው የሚያደርገው» እያላችሁ ከፍ አታድርጉ።

ደረጃ በደረጃ

1. ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በወረቀት ሳሉ።

ከሮቶው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፍል። ሶላር ካለ የት ጋ እንደሚገባ፣ ውሃውን የሚያዞር ፓምፕ ካለ ከየት ወደ የት እንደሚመልስ፣ የትኛው ቧንቧ በውጪ ግድግዳ እንደሚያልፍ። ኤአዩ ሕንፃችሁን አያይም፣ ይሄን ስዕል በቃል ካልነገራችሁት የራሱን ፔንሲዮን ፈጥሮ ስለሱ ያወራላችኋል። ደሞ ስትስሉ ብቻ የሚገኙ ነገሮች አሉ፣ ለምሳሌ ድሮ የተዘጋ ክፍል ድረስ አሁንም ሙቅ ውሃ የሚሄድበት መስመር።

2. ኤነርጂ ሜትሩን አስገጥሙና ትክክል መሆኑን ፈትኑት።

ክላምፑ ላይ ቀስት አለ፣ ወደ ታንከሩ ያመልክት። ከተገለበጠ ቁጥሩ በኔጌቲቭ ይመጣል። ስሪ ፌዝ ላይ የሚበዛው ስህተት ግን ሌላ ነው፣ ክላምፑ አንዱ ፌዝ ላይ ሆኖ የቮልቴጅ ሽቦው ሌላ ፌዝ ላይ መታሰሩ። ይሄን የምታውቁት ሜትሩ በሚያሳየው ፓወር ፋክተር በሚባለው ቁጥር ነው፤ ታንከሩ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ስለሆነ 1 አካባቢ መሆን አለበት፣ 0.5 ካሳያችሁ ሽቦው ተቀያይሯል። ሳታስተካክሉ ከቀጠላችሁ የምትሰበስቡት ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዛ ታንከሩን አብሩና ከሬዚስታንሱ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። 6 ኪሎዋት ተብሎ 4.5 ካሳየ ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትሩጡ፣ መጀመሪያ ቮልቴጁን እዩ። ቮልቴጅ ሲወርድ ኃይሉ በካሬ ነው የሚወርደው፣ 220 መሆን ሲገባው 190 ከሆነ 6 ኪሎዋቱ ወደ 4.5 ይወርዳል። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ ውሃችሁ ቀስ ብሎ የሚሞቀው ለዛ ነው፣ ስለዚ ቮልቴጁም አብሮ እንዲመዘገብ አድርጉ።

3. ሴንሰሮቹን ቧንቧው ላይ በደንብ አጣብቁ።

አንዱ ሙቅ ውሃ ከታንከሩ በሚወጣበት፣ አንዱ በሚመለስበት፣ አንዱ ቀዝቃዛው በሚገባበት። ቧንቧው ብረት ከሆነ ቀለሙን ፍቃችሁ አስጠግታችሁ እሰሩና ከላይ በፎም ሸፍኑት። ካልሸፈናችሁት የሚለካው የቧንቧውን ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ነው፣ በእንጅባራ የኅዳር ሌሊት ደሞ ልዩነቱ ብዙ ነው። ፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎና ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ የብረት መገጣጠሚያው ላይ እሰሩት።

4. ሰዓቱን አስተካክሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ላይ ነው፣ ስለዚ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የሜትሩ አፕ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚመዘግበው፣ ተረኛው ደሞ በኛ ሰዓት ነው የሚጽፈው። ተረኛው «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን አፑ ማክሰኞ 02:00 ይለዋል፣ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ይለያያል ማለት ነው። በዛ ላይ የሰዓት ዞኑ ካልተስተካከለ ሌላ 3 ሰዓት ይዛባል። ሁለቱን ሳታስማሙ ለኤአይ ብትሰጡት እንግዳው ሁሉ ሌሊት ነው የሚታጠበው ብሎ ያርፈዋል፣ ፕሮግራሙንም በዛ ያወጣላችኋል። አፑን በአዲስ አበባ ሰዓት አድርጉት፣ ከመዝገቡ ስትገለብጡ ደሞ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይራችሁ አስገቡ። ቀኑንም እንደዛው፣ ጥር 11 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጃኑዋሪ 11 አድርጎ ነው የሚያነበው።

5. ለሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ።

ቴርሞስታቱን አትንኩ፣ ቧንቧ አታልብሱ፣ ምንም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱና ስንት ክፍል እንደተያዘ ጻፉ። ሁለት ሳምንት ያልኩት የገበያ ቀንም እሁድም ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲገባበት ነው። እዚ ላይ ሰው ይቸኩላል፣ ገና በሦስተኛው ቀን «ቀንሼዋለሁ» ብሎ ይደውላል፣ ከምን አንፃር ቀነሰ ሲባል ግን መነሻ የለውም፣ እንግዳ ቀንሶ ይሁን ብክነት ቀንሶ አይታወቅም።

መረጃው መሃል ላይ ባዶ ቦታ ካለ መብራት ጠፍቶ ነው ወይስ ኔት? የምትለዩት በጠቅላላ ድምሩ ነው። ከባዶው በፊትና በኋላ ያለው ድምር እኩል ከሆነ መብራት ያልነበረ ይመስላል (ባዶው አጭር ከሆነ ግን ሬዚስታንሱ ራሱ ሳይበራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል)፣ ዘሎ ከጨመረ መብራት ነበር ኔት ነው የጠፋው። ይሄን በጎን ጻፉለት።

6. የሌሊቱን ብክነት በእጃችሁ አስሉ።

ማንም በማይታጠብበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 በሉት፣ የውሃ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ የበላው መብራት በሙሉ ብክነት ነው። ታንከሩ በግድግዳው፣ ቧንቧው በመንገዱ የጣለው ሙቀት። ሬዚስታንሱ በአራት ሰዓት ውስጥ አንዴ ብቻ ሊበራ ስለሚችል የአንድ ሌሊት አይበቃም፣ የሁሉንም አማካይ ያዙ።

ጠቃሚውን ሙቀት ደሞ በዚች ቀመር ታገኛላችሁ፦ ሊትር × የዲግሪ ልዩነት × 0.00116 = ኪሎዋት ሰዓት።

ለምሳሌ በቀን 600 ሊትር ሙቅ ውሃ ቢሄድ፣ በ17 ዲግሪ ገብቶ በ55 ቢወጣ፣ 600 × 38 × 0.00116 ወደ 26.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሌሊቱ ብክነት በሰዓት 0.5 ከሆነ በቀን 12 ይሆናል። ድምሩ 38.4። ከምትከፍሉት ሲሶ የሚጠጋው እንግዳ ገላ ላይ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው። ሜትሩ ከ38.4 በጣም የበለጠ፣ ለምሳሌ 55 ካሳየ ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ የውሃ ቆጣሪው ያልያዘው መስመር፣ ወይ ቆጣሪው የማይቆጥረው ቀስ ያለ ማንጠባጠብ። ሶላር ያላችሁ ይሄን ሂሳብ ፀሐይ ባልወጣበት ቀን ስሩት፣ አለበለዚያ ፀሐይዋ የጨመረችው ሙቀት ብክነቱን ይሸፍነዋል።

7. መረጃውን ለኤአይ ስጡት።

ከአፑ ላይ በሲኤስቪ (ኤክሴል የሚከፍተው የሠንጠረዥ ፋይል) አውርዱት፣ ኤክሴል ላይ ከመዝገቡ ጋር አገናኙት። የእንግዳ ስምም ስልክም እንዳይገባ፣ የሚያስፈልገው የተያዘ ክፍል ብዛት ብቻ ነው። ዓምዶቹ አጭር ስም ይኑራቸው። ከዛ እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፣ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሩ፦

«ይሄ ደብረ ማርቆስ ያለ የባለ 14 ክፍል ፔንሲዮን የሙቅ ውሃ መረጃ ነው። ታንከሩ 500 ሊትር፣ ሬዚስታንሱ 6 ኪሎዋት፣ ጣሪያ ላይ ሶላር አለ። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድም ነው። መጀመሪያ የጎደለ ወይም የማይመስል መረጃ ካለ ዘርዝር፣ በግምት አትሙላው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቀን ጠቅላላ የተበላውን መብራት፣ ጠቃሚ ሙቀቱን በሊትር × የዲግሪ ልዩነት × 0.00116፣ እና የሁለቱን ልዩነት አውጣ። ሂሳቡን በኮድ ስራው፣ ቀመሩን አሳየኝ። ከመረጃው የማይታወቅ ነገር ካለ አይታወቅም በል።»

«በኮድ ስራው» የምትለዋን አትርሱ። እነዚ ሞዴሎች ረጅም የቁጥር ዝርዝር በቃላቸው ሲደምሩ ይሳሳታሉ፣ ያውም በሙሉ ልብ ነው የሚነግሯችሁ። መልሱ ሲመጣ አንድ ቀን መርጣችሁ በደረጃ 6 ቀመር በእጃችሁ አመሳክሩ። ካልገጠመ ሌላውንም አትመኑት።

ገጥሞ ከሆነ አሁን ጥያቄ ጠይቁት፦ ውሃ የሚበዛው በየትኛው ሰዓት ነው? አንድ ክፍል ሲጨመር ስንት ሊትር ይጨምራል? ሬዚስታንሱ በርቶ ግን ውሃ ያልተነካበት ሰዓት የትኛው ነው? (የውሃ ቆጣሪው በቀን አንዴ ስለተነበበ የየሰዓቱን ውሃ ከሙቀት ሴንሰሮቹና ከመብራቱ ነው የሚገምተው።) ኤአዩ እውነት የሚጠቅመው እዚ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር መስመር ውስጥ እኛ በዓይናችን የማናየውን ድግግሞሽ ያወጣል።

8. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

በአንዴ ሁሉን ከቀየራችሁ የትኛው እንደሰራ አታውቁም። በያንዳንዱ መሃል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይኑር፣ እና ወጪውን በጠቅላላ ሳይሆን በተያዘ ክፍል አካፍላችሁ አወዳድሩ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

መጀመሪያ ቧንቧውንና ታንከሩን አልብሱ። ርካሹ ይሄ ነው፣ ማንም እንግዳ ሳያውቀው ነው የሚቆጥበው።

ቀጥሎ ፓምፑን። ውሃውን ቀን ከሌሊት የሚያዞር ፓምፕ ካላችሁ የሕንፃውን ግድግዳ እያሞቃችሁ ነው። ማታ ከ5 ሰዓት እስከ ንጋት 11 በታይመር ይጥፋ፣ ከ8 ሰዓት በላይ ግን አታቁሙት፣ ቧንቧው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ የሚቆም ውሃ ባክቴሪያ ያራባል። ፓምፑ እየሰራ ማንም ሳይታጠብ የወጣውና የተመለሰው ውሃ ልዩነት ሰፊ ከሆነ መስመሩ ያልለበሰ ቦታ አለው፣ ሂዱና ፈልጉ።

ከዛ ዲግሪውን። 75 ላይ ያለ ታንከር 60 ላይ ይቀመጥ፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር በግድግዳው የሚጠፋውም ይበዛል። ከ60 በታች ግን አታውርዱት! ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ በ60 ይሞታል። ኤአዩ ስለ ቁጠባ ብቻ ከጠየቃችሁት 45 አድርጉት ሊላችሁ ይችላል፣ አትስሙት። 60 ዲግሪ ውሃ ደሞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚ ወደ ክፍሎቹ በሚወጣበት ላይ ሚክሲንግ ቫልቭ (ሙቁን ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቅሎ የሚያወጣ) ይግባ፣ በተለይ ሕፃን ይዘው ለሚመጡ እንግዶች።

መጨረሻ ላይ የማሞቂያ ሰዓቱን። ሶላር ያላችሁ ሰዎች ይቺን ልብ በሉ፣ ጠዋት ሬዚስታንሱ ታንከሩን ሙሉ ለሙሉ ካሞቀው ፀሐይዋ ስትመጣ የምታሞቀው ውሃ አይኖርም፣ ጣሪያ ላይ ያለው ንብረት ስራ ፈቶ ይውላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለጠዋቱ እንግዳ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሞቅ፣ እንግዶች ታጥበው ሲወጡ የገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ፀሐይ ታሙቀው፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ታይመሩ ከፍቶት የጎደለውን ሬዚስታንሱ 60 ያድርሰው። በበጋ ይሄ ግሩም ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ግን ደመናው ስለማይገለጥ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ የበጋውን ይዛችሁ ክረምት አትግቡ።

9. የነገን ፍላጎት አስገምቱት።

ኤአዩን «ከተያዘ ክፍል ብዛት ተነስቶ ታንከሩ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት መብራት እንዳለበት የሚነግር አጭር ሠንጠረዥ ስራልኝ» በሉት። ያን አትማችሁ ታንከሩ ጋ ለጥፉት፣ ተረኛው ያለ ኔትም ይሰራበታል። የማያውቀውን ደሞ እናንተ ጨምሩበት፤ ጥምቀት፣ የጥር ሰርግ፣ ማርቆስ ላይ የተማሪ ምረቃ፣ እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል። በነዚ ቀናት ቤቱ ይሞላል፣ ከመደበኛው ሠንጠረዥ ጋር ከሄዳችሁ እንግዳው በቀዝቃዛ ይታጠባል።

ኤአዩ ታንከሩን በቀጥታ እንዲያበራና እንዲያጠፋ አታገናኙት። እሱ ያማክር፣ ታይመሩ ይስራ፣ ቴርሞስታቱ ይቁረጥ።

10. ማስጠንቀቂያ ደወል አስቀምጡ።

የሌሊቱ ብክነት ከለመዳችሁት በሲሶ ከጨመረ አፑ መልእክት እንዲልክላችሁ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ሴፍቲ ቫልቭ ወይ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ የተበላሸ ሚክሰር ነው፣ ቀዝቃዛውን በውስጥ ወደ ሙቁ መስመር እያስገባ ታንከሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ወለል ላይ አንድ ጠብታ ስለማይታይ ያለ ቆጣሪ አይገኝም። ኃይሉና ቮልቴጁ ሳይቀየር ለማሞቅ የሚፈጀው ጊዜ በየወሩ ከረዘመም ኤአዩን አወዳድር በሉት፣ መልሱ አዎ ከሆነ ብክነቱ ጨምሯል ወይ የሚገባው ውሃ በርዷል፣ የቀዝቃዛው ሴንሰር ይለይላችኋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንታክተሩ ወዲያው እንዳይበራ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ታይመር አስደርጉ፣ መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ጄነሬተር ካላችሁ ደሞ የታንከሩ ብሬከር ከጄነሬተሩ መስመር ውጪ ይሁን፣ በናፍጣ ውሃ ማሞቅ ኪስ ያራቁታል።

በየክፍሉ ቦይለር ላላችሁ

የናንተ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቦይለር ሜትር አትግዙ፣ በፎቅ አንድ ይበቃል። 50 ሊትር ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር ውሃውን ከ17 ወደ 60 ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፣ ቮልቴጁ ደህና ከሆነ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ 190 ላይ ከወረደ ከ2 ሰዓት በላይ። ስለዚ ባዶ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ በርቶ እንዲውል ምንም ምክንያት የለም፣ እንግዳው ቁልፍ ሲወስድ ተረኛው ያብራው፣ ሲመልስ ያጥፋው። ክፍሉ ለቀናት ባዶ ከነበረ ግን እስከ 60 ድረስ ሳይሞቅ እንግዳ አይታጠብበት። ኤአዩን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የፎቁ መብራት ከተያዘው ክፍል ብዛት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል ወይ? ክፍሉ ባዶ ሆኖ መብራቱ ካልወረደ ሳይጠፋ የቀረ ቦይለር አለ፣ በየክፍሉ ዞራችሁ የብሬከሩን መብራት እዩ።